ብረት ያልሆነ ብረት

ሁለት ሽጉጥ ዘርግቶ በመስተዋቱ ላይ
ዚኖቪ ይለኛል፦ «ያዘው እንጂ፣ ዝም ብለህ አትይ!»
አንዱ የኦስትሪያ ልጅ፣ ስሙ አጭር፣ ግሎክ፤
ጡብ ይመስላል ጎኑ፣ የለውም ብዙ መልክ።
ሁለተኛው የእኛው፣ «ማሳዳ» ያሉት፣
እዚሁ ቂርያት ጋት፣ ከተማው ዳር የሠሩት።
ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ቀላል፤
አንዱን ሳነሣው እጄ «የት አለ?» ይላል።

ዚኖቪ ይቆጥራል፦ «ይሄ አሥራ አምስት ይጎርሳል፣
ያ አሥራ ሰባት፤ ምላጩም ይለሰልሳል።
የዚያ ጀርባው ይፈታል፣ እንደ እጅህ ይለወጣል፤
የዚህ መለዋወጫ ከየትም ሱቅ ይወጣል።
አሸዋ ቢገባባቸው ሁለቱም ግድ የላቸው።
ዋጋቸው? የአገር ልጅ ይረክሳል፣ ታውቃለህ፤ ያው ነው።»

እኔ ግን አልሰማውም። በጥፍሬ ጎኑን መታሁት፤
ቋ! አለኝ። የጀሪካን ድምፅ አገኘሁበት።

ብረት ነበር እኮ ስሙ በእኛ አፍ፤
«ብረት አነሣ» ሲባል አገር ሲርድ፣
«ብረቱን ሰቀለ» ሲባል አገር ሲያርፍ።
አሁን «ፕላስቲክ አነሣ» ቢሉ ማን ይፈራል?

(ግን ይገድላል።)

አባቴ አዛናው ቀጥቃጭ ነበር፣ ወገራ፤
ቀን ማረሻ ሲያሾል፣ ማታ የሰው ጠመንጃ ሲሠራ።
በጠራራ ፀሐይ «ቡዳ» ብሎ የሚሸሸን ጎረቤት
የተሰበረ ምንሽር ታቅፎ ይመጣል በሌሊት።
ወናፉን እየነፋሁ ከጎኑ ተቀምጬ
አየው ነበር እጁን፣ ፍሙ ላይ አፍጥጬ።
«የበሰለ ብረትና ያልበሰለ ሽታቸው ለየቅል ነው፣ ስማ፤
አፍንጫህን ካላመንክ ዓይንህ ያታልልሃል በጨለማ።»

ግሎኩን አሸተትኩት። ዘይት፣ ካርቶን፣ አዲስ ጫማ።
ዚኖቪ ሳቀ፦ «ወንድሜ፣ አይበላም እኮ!»

ደግሞ አባቴ አንድ ደንብ ነበረው፤
ጦር ሊያስል፣ ጠመንጃ ሊያስጠግን ለመጣ ሰው
«ለማን ነው?» ይለዋል። «ለምን» አይደለም፣ «ለማን»።
ሰውዬው ዓይኑን ከሰበረ እሳት አይነድም ያን ቀን።

እዚህ የጠየቀኝ ወረቀት ነው፦ መታወቂያ፣ የሐኪም ፊርማ፣
ሥራ፦ የትምህርት ቤት በር ጥበቃ፤ የመኖሪያ ከተማ።
«ለማን» የሚል ሳጥን ፈለግሁ፤ የለም።
ሚስቴ ዘርፌ «የት ይተኛል?» አለች፤ ሌላ አላለችም።
«ካዝና ውስጥ» አልኳት። «ካዝናውስ?» «ግድግዳው ውስጥ።»
«ግድግዳውስ?»
ከግድግዳው ማዶ የአልጋው ብረት ጮኸ፣ ኦሽራት ስትገላበጥ።

ሁለቱን እንደገና አነሣኋቸው። መዳፌ ላይ ጠባሳ አለ፣
በሰባት ዓመቴ ከአባቴ ምድጃ የዘለለ
ፍንጣሪ የተወው። የማሳዳው ጀርባ
ሄዶ ሄዶ ልክ እሱ ላይ ገባ።
የግሎኩ አልነካውም፤ በጎኑ አለፈ።

«ይሄን» አልኩት።
«ለምን እሱን?»
«ይረክሳል» ብዬ ዋሸሁት።

ከሳምንት በኋላ፣ የተኩስ ልምምዱን ጨርሼ፣
ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌ፣ ሸሚዜን መልሼ፣
አውቶቡስ ጣቢያው በር ደረስኩ። ጠባቂው የእኛ ልጅ ነው፤
«መሣሪያ አለህ?» አለኝ፣ በዕብራይስጥ፣ እንደ ደንቡ፣ እንደሚለው፤
ቀና ብሎ ፊቴን አየና አንደበቱን ለወጠው፦
«አባባ፣ ብረት ይዘዋል?»

ሠላሳ ዓመት በየበሩ «የለም» ስል አፌ ለምዷል።
«የለም» አልኩት።
ውሸትም አይደል። እውነትም አይደል። ሸሚዜን ገለጥኩ፣
ፈቃዴን አሳየሁት፣ ዓይኔን ሳልሰብር ጠበቅሁ፤
ሌላ ጥያቄ ቢኖረው።

«ይለፉ» አለኝ።